የጥንት ባሕር ደለል ከየት መጣ? ምንጩን በኬሚስትሪና በዚርኮን ዕድሜ የመከታተል ዝርዝር መመሪያ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃ ሲገባ ከላይ ባዛልቱን፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙንና የጭቃ ድንጋዩን፣ ከግርጌ የአዲግራትን የአሸዋ ድንጋይ እያቋረጠ ይወርዳል። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን (ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ) ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ጥልቀት የሌለው ባሕር የተወው ነው። መቀሌ ዙሪያ ያሉት የአንታሎ የኖራ ድንጋይና የአጉላዕ ሼልም (ሼል በስሱ የሚሰነጠቅ የጭቃ ድንጋይ ነው) የዚያው ባሕር ሥራ ናቸው። ባሕሩ እንደነበረ ክርክር የለም። የሚያከራክረው በኖራው መካከል የገቡት ጭቃና አሸዋ ከየትኛው ምድር ተሸርሽረው መጡ የሚለው ነው።

የባሕር ደለል የሁለት እጅ ሥራ መሆኑን ከሁሉ በፊት መያዝ ያስፈልጋል። አንዱን ወንዝና ነፋስ ከየብስ አምጥተውታል፤ ሌላውን ባሕሩ ራሱ ከውሃው አውጥቶታል። ካልሳይት፣ ጂፕሰም፣ ባራይት፣ ፓይራይት፣ ግላኮናይትና አብዛኛው ፎስፌት የባሕሩ ናቸው። ስለ ምንጭ የሚመሰክረው ከየብስ የመጣው ብቻ ነው፤ ከእሱም መካከል ዚርኮን የተባለው ጠንካራ ማዕድን ቅንጣት በያዘው ዩራኒየም ዕድሜው ይለካል። በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ ባሕሩ የሠራውን ከየብስ እንደመጣ ቆጥሮ ከመለካት የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ሁለቱን በመለየት ዙሪያ የቆሙ ናቸው።

ከመስክ በፊት፦ የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር

መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ደለሉን ሊሰጡ የሚችሉትን አካባቢዎች በሙሉ፣ ከዕድሜያቸውና ከኬሚካላዊ ጠባያቸው ጋር በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ለሰሜንና ለመካከለኛው ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል።

በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የተዘረጋው የዓረብ-ኑቢያ ጋሻ መሠረት አለት ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ያለ ሲሆን አብዛኛው በዚያው ዘመን ከመሬት ማንትል (ከቅርፊቱ በታች ካለው ንብርብር) የወጣ አዲስ ቅርፊት ነው። በውስጡ የገቡት የመጨረሻዎቹ ግራናይቶች 600 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ናቸው። 1 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ያላቸው ቅንጣቶች ደግሞ ትግራይ ውስጥ የታወቀ የቅርብ ምንጭ የላቸውም፤ ነገር ግን በሰሜን ጎንድዋና (አፍሪካን ያካተተው የጥንት ታላቅ አህጉር) ዳርቻ በተኙት የኦርዶቪሺያን (ከጁራሲክ እጅግ የቀደመ ዘመን) የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ፣ የእንትጮ የአሸዋ ድንጋይን ጨምሮ፣ በብዛት ይገኛሉ። 2 ቢሊዮንና ከ2.5 ቢሊዮን በላይ የሆኑት ወደ ሰሃራ ሜታክራቶንና ወደ ሌሎች አሮጌ የአፍሪካ ክራቶኖች (የአህጉሩ ጥንታዊ እምብርቶች) ያመለክታሉ። የመጨረሻው 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ያለው የደጋው እሳተ ገሞራ ነው። ይህ ከጁራሲክ ደለል በጣም ያነሰ ዕድሜ ስላለው ምንጭ ሊሆን አይችልም፤ የሚጠቅመው ብክለትን ለማጋለጥ ነው። ከጁራሲክ የአሸዋ ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ያለው አንድ ዚርኮን ከወጣ፣ ከላይ የተንከባለለ አፈር ወይም ያልጸዳ መፍጫ ናሙናው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቅንጣቱን ሰርዞ ማለፍ አይበቃም፤ የቀሩት ቅንጣቶችም ያው ጥርጣሬ አለባቸው።

ናሙና መውሰድ

ከእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ዓይነት ናሙና ያስፈልጋል፤ ለኬሚስትሪ ጭቃ ድንጋይ ወይም ሼል፣ ለዚርኮን ደግሞ ደቃቅ ወይም መካከለኛ አሸዋ። ለኬሚስትሪ ከ500 ግራም እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። ለዚርኮን ከንጹሕ የአሸዋ ድንጋይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ፣ አሸዋ ከተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ግን እስከ 10 ኪሎ ይያዙ፤ ኖራው በአሲድ ሲሟሟ የሚቀረው ጥቂት ነው።

የአለቱን የተበሰበሰ ልጥ በመዶሻ እስኪነሳ ድረስ ይምቱ። የካልሳይት ወይም የጂፕሰም ሥር የሚያቋርጠውን፣ ዝገት የተቀባውን፣ ከጅረት ዳር የተኛውን ይተዉ። መቀሌ ዙሪያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአጉላዕን ሼል የዶለራይት (ቀልጦ ገብቶ የጠጠረ ጥቁር አለት) ንጣፎች ሰንጥቀውት ገብተዋል። ከንጣፉ አጠገብ ያለው ሼል ተጠብሶ ጠጥሯል፣ ቀለሙም ተለውጧል፤ ፖታሲየሙና ሶዲየሙ የቀድሞው አይደለም። ቢያንስ የንጣፉን ውፍረት ያህል፣ ቦታው ከፈቀደ እጥፉን፣ ርቀው ይውሰዱ።

በናሙናው ከረጢት ላይም፣ በውስጡም ቁጥሩን ይጻፉ። የጂፒኤስ ነጥብ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናው ከታወቀ ንጣፍ ስንት ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደተወሰደ ይመዝገብ። በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ የተጋደሙ ሰያፍ ንጣፎች ካሉ የ25 ወይም የ30 ያህሉን አቅጣጫ በኮምፓስ ይለኩ። ይህ ወጪ የሌለው መረጃ ነው፤ በኋላ ዚርኮኑ ለሁለት ምንጮች እኩል ሲያመለክት የሚፈርደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ናሙናው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ የወጪ ፈቃዱን ጉዳይ ከመስክ ጉዞው በፊት ይጀምሩ።

ኬሚስትሪው፦ ጭቃው የሚናገረው

ሼሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይሰብሩ፣ ከዚያ አጌት ከተባለ ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ መፍጫ ያልሙት። የተንግስተን ካርባይድ መፍጫ ፈጣን ቢሆንም ተንግስተን፣ ኮባልት፣ ታንታለምና ኒዮቢየም ይጨምርበታል፤ የብረት መፍጫ ደግሞ ክሮሚየም ያስገባል። ክሮሚየም የአልትራማፊክ አለት (ማግኒዚየምና ብረት እጅግ የበዛበት አለት) ምስክር ስለሆነ በመፍጫ የተጨመረ ክሮሚየም የሌለ ተራራ ያቆማል።

ቀጥሎ ካርቦኔቱን ያውጡ። ዱቄቱን 10% አሴቲክ አሲድ ውስጥ በክፍል ሙቀት ያኑሩ፤ አረፋው ሲያቆም አሲዱን ቀይረው ይድገሙ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ይጠቡ። ኖራው የባሕር ውሃን የሬር ኧርዝ ንጥረ ነገሮች (እንደ ላንታነም፣ ሴሪየምና ዩሮፒየም ያሉ ተዛማጅ ብረቶች) አሻራ ይይዛል፤ ሴሪየሙ ዝቅ ያለ፣ የኢትሪየምና የሆልሚየም ንጽጽሩ ከ40 በላይ የወጣ ይሆናል። ከየብስ የመጣ ቁስ ንጽጽሩ ከ26 እስከ 28 ነው። ከታጠበ በኋላ ቁጥሩ አሁንም 35 ከሆነ ማጠቡ አልተጠናቀቀም።

ለመለካት ሲሟሟ ትልቁ ችግር ዚርኮን ነው። በክፍት ዕቃ፣ በምድጃ ላይ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቢጨመርበት ዚርኮን አይሟሟም፤ ዚርኮኒየም፣ ሃፍኒየምና ከባዶቹ የሬር ኧርዝ ንጥረ ነገሮች ዝቅ ብለው ይነበባሉ። መፍትሔው በሊቲየም ሜታቦሬት ማቅለጥ ወይም በታሸገ የግፊት ዕቃ ውስጥ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለብዙ ቀናት ማቆየት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያንኑ ናሙና በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ አስለክተው ሁለቱን የዚርኮኒየም ቁጥሮች ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ10% በላይ ከሆነ አልሟሟም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በቆዳ አልፎ የሰውነትን ካልሲየም ስለሚያጠቃ ተገቢው የጭስ ማስወጫ፣ ጓንትና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በሌለበት ቦታ ፈጽሞ አይነካም።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰላው የመበስበስ መለኪያው ነው፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ለአሉሚኒየም፣ ለካልሲየም፣ ለሶዲየምና ለፖታሲየም ኦክሳይዶች ድምር ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ሁሉም በሞል ነው እንጂ በክብደት አይደለም። ያልበሰበሰ ፌልድስፓር 50፣ ካኦሊናይት 100 ይሰጣል፤ የተለመደ ሼል ከ70 እስከ 75 ነው። ወጥመዱ ካልሲየሙ ነው፤ የሚፈለገው በሲሊኬት ውስጥ ያለው ብቻ ነውና።

ካርቦኔቱ ሳይወጣ የተለካ ሼል በምሳሌ እንይ። አሉሚኒየም ኦክሳይድ 18%፣ ካልሲየም ኦክሳይድ 6%፣ ሶዲየም ኦክሳይድ 0.9%፣ ፖታሲየም ኦክሳይድ 3.4%፣ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ 0.15% ነው እንበል። በሞለኪውል ክብደታቸው ሲካፈሉ በቅደም ተከተል 0.1765፣ 0.1070፣ 0.0145፣ 0.0361 እና 0.0011 ይሆናሉ። እንዳለ ቢሰላ ውጤቱ 53 ነው፤ ምንጩ ምንም ያልበሰበሰ ደረቅ ምድር ይመስላል። አሁን ይታረም። የፎስፎረሱ ሞል በ10/3 ተባዝቶ ከካልሲየሙ ይቀነሳል፤ 0.1035 ይቀራል። ይህ ከሶዲየሙ ስለሚበልጥ በካልሲየሙ ቦታ የሶዲየሙ 0.0145 ይገባል። ውጤቱ 73 ሆነ። አለቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የባሕሩ ኖራ ከሒሳቡ መውጣቱ ነው። እርማቱ ግምት ስለሆነ ካርቦኔቱን አስቀድሞ ማጠብን አይተካም።

ለምንጭ የሚታመኑት በውሃ የማይንቀሳቀሱት ናቸው፤ ቶሪየም፣ ስካንዲየም፣ ላንታነም፣ ዚርኮኒየም፣ ክሮሚየም። ቶሪየም ለስካንዲየም ሲካፈል የላይኛው አህጉራዊ ቅርፊት 0.75 አካባቢ ይሰጣል፤ ባዛልት ከ0.1 በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ሳይለወጥ ዚርኮኒየም ለስካንዲየም ያለው ንጽጽር ብቻውን ከወጣ ምንጩ አልተቀየረም፤ አሸዋው ደጋግሞ ታጥቦ ዚርኮን ተከማችቷል። ስለዚህ ጭቃን ከጭቃ፣ አሸዋን ከአሸዋ እንጂ አንዱን ከሌላው አያነጻጽሩ። በጥቁር ሼል ውስጥ ያሉትን ቫናዲየም፣ ሞሊብዲነምና ዩራኒየም ለምንጭ አይጠቀሙ፤ ኦክስጅን ባጣ ባሕር ውስጥ ከውሃው የተቀመጡ ናቸው።

ዩሮፒየም ላይ ደግሞ የማይታይ ወጥመድ አለ። ናሙናው ባራይት ካለበት በአይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር (ንጥረ ነገሮችን በአተማቸው ክብደት በሚለይ መሣሪያ) ውስጥ የባሪየም ኦክሳይድ ክብደት በዩሮፒየም ላይ ያርፋል፤ የግራናይት ምልክት የሆነው የዩሮፒየም ጉድለት ይጠፋና ምንጩ ባዛልት ይመስላል። ዩሮፒየምን በባሪየም ትይዩ ይንደፉት። ሁለቱ አብረው ከወጡ ዩሮፒየሙን ይጣሉት።

ዚርኮንን ከአለቱ ማውጣት

ብክለት የሚገባው እዚህ ነው። መሰባበሪያው በብሩሽ፣ በአየር ግፊትና በአልኮል ይጽዳ፤ ከዚያ አንድ እፍኝ ንጹሕ ኳርትዝ አልፎበት ይጣል። ለወንፊት በየናሙናው የሚጣል የናይለን መረብ ይጠቀሙ፤ የብረት ወንፊት ቀዳዳዎች ውስጥ የተሰነቀረ ዚርኮን የሚወጣው በሚቀጥለው ሰው ናሙና ነው። ከ300 ማይክሮን በታች ያለውን ይያዙ።

ካርቦኔት ያለበትን በ10% አሴቲክ አሲድ ያሟሙ። ከኪሎ በላይ የሆነ የኖራ ድንጋይ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጃል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢፈጥንም አፓታይትን ይበላል፤ አፓታይት ከፈለጉ መታገሥ ነው።

የቀረው በውሃ ይታጠባል። የማጠቢያ ጠረጴዛ ከሌለ ወርቅ አጣቢዎች የሚጠቀሙበት ገበቴ በሚገባ ይሠራል፤ ዘዴው ያው ነው፣ ቀላሉን ማፍሰስ፣ ከባዱን ማስቀረት። ግን ቸኩሎ የሚያጥብ ሰው ከ50 ማይክሮን በታች ያሉትን ደቃቅ ዚርኮኖች ከጭቃው ጋር ያፈስሳል፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጡት ናቸው። የፈሰሰውን በሌላ ዕቃ ይቀበሉ፣ ደግመውም ይጠቡት።

በመቀጠል ከባድ ፈሳሽ ነው። ኳርትዝ በሴንቲሜትር ኩብ 2.65 ግራም፣ ዚርኮን 4.6 አካባቢ ይመዝናል፤ ፈሳሹ ከ2.85 እስከ 2.9 ከሆነ ኳርትዙ ይንሳፈፋል፣ ዚርኮኑ ይሰምጣል። ብሮሞፎርም መርዛማ ስለሆነ ሶዲየም ፖሊተንግስቴት ይመረጣል። እሱ ግን ካልሲየም አይወድም። ኖራው በደንብ ሳይታጠብ የገባ ናሙና ፈሳሹን በነጭ የካልሲየም ተንግስቴት ዝቃጭ ያበላሸዋል፤ ፈሳሹም ውድ ነው። የሚቀጠነው በተጣራ ውሃ ብቻ ይሁን፣ የብረት ዕቃም አይንካው። ከዚያ 3.3 በሚመዝነው ዳይአዮዶሜቴን በተባለው ፈሳሽ አፓታይቱ ከዚርኮኑ ይለያል።

ከባሕር ደለል የሰመጠው ክምችት ብዙ ጊዜ ዚርኮን ሳይሆን ፓይራይትና ባራይት ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። ፓይራይት በለብ ያለ የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ይወገዳል፤ አፓታይቱን አስቀድመው ካወጡ ብቻ ነው ይህን የሚያደርጉት። ባራይት ግትር ነው፤ በማይክሮስኮፕ በእጅ ከመልቀም ሌላ ቀላል መንገድ የለውም።

የማግኔት መለያው ላይ ጠንቃቃ ይሁኑ። ኃይሉን አብዝተው ንጹሕና ብርሃን የሚያሳልፍ ዚርኮን ብቻ ማስቀረት ያምራል፤ ነገር ግን ዩራኒየም የበዛባቸውና በጨረር የተጎዱት ቅንጣቶች ማግኔት ይዟቸው ይሄዳል። የአንድ ግራናይት ቅንጣቶች በሙሉ እንደዚያ ከሆኑ ያ ግራናይት ከታሪኩ ይሰረዛል።

በሌዘር መለካት

ዚርኮኖቹን ሳይመርጡ በማጣበቂያ ወረቀት ላይ ያፍስሱ፤ ቆንጆውን፣ ትልቁን፣ ሾጣጣውን መልቀም ውጤቱን አስቀድሞ መወሰን ነው። 25 ሚሊሜትር ቀለበት ውስጥ ኢፖክሲ አፍስሰው ሲደርቅ የቅንጣቶቹ መሐል እስኪታይ ድረስ ይሙረዱ፣ በ9፣ በ3 እና በ1 ማይክሮን የአልማዝ ዱቄት ያለስልሱ። ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የካቶዶሉሚነሰንስ (ቅንጣቱ በኤሌክትሮን ሲመታ የሚያወጣው ብርሃን) ፎቶ ያንሱ። አንድ ዚርኮን እንደ ሽንኩርት ንብርብር አለው፤ እምብርቱ 1 ቢሊዮን፣ ልባሱ 600 ሚሊዮን ዓመት ሊሆን ይችላል። ለመለኪያ ቅንጣቱን የሚያተንነው ሌዘር ሁለቱን ደርቦ ከመታ የሚወጣው ዕድሜ የማንም አይደለም። እምብርቱ ወይስ ልባሱ እንደሚለካ አስቀድመው ይወስኑ፣ ውሳኔውንም ለሁሉም ቅንጣት ይጠብቁ።

የሌዘሩ ነጥብ ከ25 እስከ 35 ማይክሮን፣ ምቱ በሴኮንድ ከ5 እስከ 10፣ መጀመሪያ 20 ሴኮንድ ባዶ ንባብ፣ ቀጥሎ 30 ሴኮንድ ልኬት የተለመደ ነው። ከጭቃ ድንጋይ የወጡ ደቃቆች እስከ 15 ማይክሮን የወረደ ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ስህተቱም በዚያው ልክ ይሰፋል። ከ8 እስከ 10 ቅንጣት በተለካ ቁጥር መመዘኛ ዚርኮን ይለካል። 91500 የተባለው 1065 ሚሊዮን፣ ጂጄ-1 600 ሚሊዮን አካባቢ፣ ፕሌሾቪስ 337 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንዱ መሣሪያውን ያርማል፤ ሌላው እንደማይታወቅ ናሙና ተቆጥሮ ይለካል። ያ ሁለተኛው ከታወቀው ዕድሜው ከ1 እስከ 2% በላይ ከራቀ የዚያን ቀን መረጃ አይጠቀሙ።

ስንት ቅንጣት ይበቃል? ከደለሉ 5% የሆነ አንድ ቡድን አለ እንበል። 60 ቅንጣት ከተለካ ያ ቡድን ፈጽሞ ያለመታየቱ ዕድል 0.95 በራሱ 60 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 4.6% ይሆናል። 5% የሚደርስ የትኛውም ቡድን እንዳያመልጥ 95% እርግጠኛ ለመሆን ግን 117 ያስፈልጋል። የቡድኖቹን መጠን ከናሙና ናሙና ለማነጻጸር 300 አካባቢ ይለኩ።

ዕድሜዎቹን ማንበብ

ዩራኒየም-238 እና ዩራኒየም-235 በየራሳቸው ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጡ ከአንድ ቅንጣት ሁለት ዕድሜ ይገኛል። ሁለቱ ከ10% በላይ ከተለያዩ ቅንጣቱ እርሳስ አፍስሷል ወይም ንብርብሮቹ ተቀላቅለዋል፤ ይውጣ። ለወጣቶቹ የ238 ዕድሜ፣ ለአሮጌዎቹ የሁለቱ እርሳሶች ንጽጽር ይታመናል። ብዙዎች ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጫውን 1 ቢሊዮን ላይ ያደርጉታል። በእኛ አካባቢ ይህ ስህተት ነው፤ ወሳኙ የ1 ቢሊዮን ቡድን መሐል ላይ ይቆረጥና በሥዕሉ ላይ የሐሰት ክፍተት ወይም የሐሰት ጉብታ ይፈጠራል። ቅንጣት በማይበዛበት ቦታ፣ 1.2 ወይም 1.5 ቢሊዮን ላይ ያድርጉት።

በዕድሜ ትንሹ ዚርኮን ደለሉ ከዚያ በፊት አለመተኛቱን ብቻ ነው የሚናገረው። በአቅራቢያው እሳተ ገሞራ ባልነበረበት የጁራሲክ ባሕር ትንሹ ዚርኮን 550 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን አይግረምዎ፤ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ዘመን የታወቀው በአሞናይትና በሌሎች ቅሪተ አካላት ነው። አንድ ብቸኛ ወጣት ቅንጣት ይዘው የደለሉን ዕድሜ አይወስኑ፤ ቢያንስ ሦስት ተደራራቢ ዕድሜዎች ይፈልጉ።

ለሥዕሉ የከርነል ጥግግት ኩርባ (ዕድሜዎቹ የት እንደሚበዙ በጉብታ የሚያሳይ) ይጠቀሙ፤ አይሶፕሎትአር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ሥዕሉ 600፣ 800 እና 1000 ሚሊዮን ላይ ጉብታ ቢያሳይ ወዲያው ሦስት ተራራ አይፈልጉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ዚርኮን ግን ማደሪያው ብዙ ነው። ከግራናይት ወጥቶ በኦርዶቪሺያን የአሸዋ ድንጋይ ያድራል፣ ከዚያ በበረዶ ተፍቆ በፐርሚያን ደለል ያድራል፣ ተሸርሽሮም ጁራሲክ ባሕር ይገባል። ዕድሜው የሚናገረው የመጀመሪያውን ቤቱን ነው፤ የመጨረሻ ማደሪያውን አይደለም። ዳግም የዞረ ደለል የሚታወቀው በሌላ ምልክት ነው፤ ቅንጣቶቹ ተድበልብለዋል፣ ከከባዶቹ ማዕድናት የቀሩት ዚርኮን፣ ቱርማሊንና ሩታይል ብቻ ናቸው፣ ጋርኔትና አፓታይት ጠፍተዋል። በአንጻሩ ትኩስ ፌልድስፓርና አፓታይት ከ600 እና ከ800 ሚሊዮን ዓመት ዚርኮን ጋር አብረው ከመጡ፣ መሠረት አለቱ ራሱ በቅርብ ተሸርሽሯል።

ዚርኮን ባዛልትን አያይም፤ ባዛልት ዚርኮን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዚርኮኑ ሥዕል ግራናይት ብቻ ቢያሳይም በጭቃው ውስጥ ክሮሚየምና ስካንዲየም ከፍ ካሉ፣ የጋሻው የባሕር ወለል ቅሪቶችና የእሳተ ገሞራ አለቶችም ድርሻ ነበራቸው። ሁለቱ መረጃዎች የማይስማሙ ሲመስሉ አንዱን አይጣሉ።

የመጨረሻው መለያ ኒዮዲሚየም ነው። ከካርቦኔቱ በኋላ የብረትና የማንጋኒዝ ልባሱን በሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ ያጥቡ፤ ያ ልባስ የባሕር ውሃን ኒዮዲሚየም ይዟል። ከዚያ ከአንዱ ንጣፍ ሁለት ክፍል ይለዩ፤ ከ2 ማይክሮን በታች ያለውን ሸክላና ከ63 እስከ 125 ማይክሮን ያለውን አሸዋ። የሁለቱም የኤፕሲሎን ኒዮዲሚየም ዋጋ (የኒዮዲሚየም አይሶቶፖች ንጽጽር ከማመሳከሪያው ያለው ልዩነት) በጁራሲክ ዘመን ይሰላ እንጂ በዛሬው አይሁን። ከጋሻው አዲስ ቅርፊት የመጣ ቁስ ከፍ ያለ፣ ከአሮጌ ክራቶን የመጣ በጣም ዝቅ ያለ አሉታዊ ዋጋ ይሰጣል። ሁለቱ ክፍሎች ከተስማሙ አሸዋውንና ጭቃውን አንድ ወንዝ አምጥቷቸዋል ብሎ መቀጠል ይቻላል። ሸክላው ከአሸዋው በብዙ ዝቅ ካለ ግን አሸዋው ከቅርብ ዳርቻ፣ ጭቃው ከሩቅ በነፋስ ወይም በባሕር ሞገድ መጥቷል፤ ያን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ምንጭ ይጻፉላቸው።